የሐረር ከተማና የጀጎል ግንብ

ገበሬ ወደ ከተማ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ለጉዳይ ነው። እህል ይሸጣል፣ ጨውና ዘይት ይገዛል፣ የታመመ ያሳክማል፣ ወይም ስለ ድንበር ፍርድ ቤት ቀርቦ ይከራከራል። ጉዳዩ ሲያልቅ አህያውን ነድቶ ወይም አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቀዬው ይመለሳል። «ከተማዋን አየሃት ወይ?» ቢሉት «ገበያዋን አየሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያየው ገበያዋን ነው። ይሁን እንጂ በገበያው አጠገብ ያለፈበት ግንብ ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ከማንስ ለመከላከል? ብሎ የጠየቀ ሰው በዚያው ቀን፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ ሌላ ከተማ ያገኛል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ሐረር ናት።

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ዳገቱን የሚወጣ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ወይና ደጋ ነው። ዙሪያዋን ቡና፣ ጫትና ማሽላ ይበቅላል። የሐረር ቡና የሚባለውም የዚህ አካባቢ ገበሬ ልፋት ነው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ሐረር የሐረሪ ሕዝብ ክልል ዋና ከተማ ናት። ክልሉ ከአገራችን ክልሎች ሁሉ በስፋት ትንሹ ነው፤ ከከተማዋ ጥቂት እንደ ራቁ ምሥራቅ ሐረርጌ ይጀምራል።

ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። አዲሱ ሰፈር ከግንቡ ውጭ በስተምዕራብ ነው። አሮጌው በግንቡ ውስጥ ነው። ግንቡ ጀጎል ይባላል፤ ሰዉ ግን በውስጡ ያለውንም ከተማ ጀጎል ይለዋል። ግንቡ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ከፍታው 4 ሜትር፣ የዙሪያው ርዝመት 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እግሩን የለመደ ሰው ዙሪያውን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ውስጡ 48 ሄክታር ነው፤ በድሮው አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ መሬት ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ በአንዲት ጋሻ መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮችና የዱዓ ቦታዎች አሉ። ከመስጊዶቹ ሦስቱ የተሠሩት ከ1,000 ዓመት በፊት ነው ይባላል። አንዳንዱ መስጊድ ከአንድ ጎጆ ብዙም አይበልጥም፤ የሰፈሩ ሰው ርቆ ሳይሄድ እንዲሰግድበት የተሠራ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ግንብ ለምን አስፈለገ?

በ1512 ዓ.ም. ገደማ ሱልጣን አቡበከር ሙሐመድ የአዳልን መንግሥት መቀመጫ ወደ ሐረር አዛወረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ደጋው ዘመተ። ደገኛው ይህን ሰው ግራኝ አሕመድ እያለ ይጠራዋል። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በጦርነት ሞተ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሰች። ቆየት ብላም የባሏን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች። ኑር የሐረር አሚር ሆነ። ኢማሙ በሞተበት ጦርነት ድል ያደረገው አፄ ገላውዴዎስ ነበር፤ በ1551 ዓ.ም. ደግሞ ከአሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ወደቀ።

ይሁን እንጂ አሚር ኑር ድል አድርጎም ዕረፍት አላገኘም። በዚያን ዘመን ኦሮሞዎች ወደ አካባቢው እየገፉ ይመጡ ነበር። ረሃብና ወረርሽኝም ገባ። አሚሩ ከተማዋን ለማዳን ግንቡን አሠራ ይባላል። እርሱም በ1560 ዓ.ም. ገደማ ሞተ። መቃብሩ ዛሬም በጀጎል ውስጥ አለ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ጉልላቱ የንብ ቀፎ ይመስላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በደጋው አገር ያደገ ሰው ስለ ግራኝ ሲሰማ ያደገው የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ነው። በሐረር ያደገው ደግሞ የሰማው የኢማሙን ጀግንነት ነው። ሁለቱም የሰሙት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱም የሰሙት የሆነ ነገር ነው። ሐረርን ሊያይ የሚሄድ ሰው ይህን ካላወቀ ግንቡ ሥር ቆሞ ይጣላል። አውቆ ከሄደ ግን ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። እኔ እንደማስበው የታሪክ ቦታ ማየት የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ሌላው ሰው በቤቱ ምን ሲነገረው እንዳደገ እናውቅበታለን።

የጀጎል ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው። በሐረሪ ቋንቋ «በሪ» ማለት በር ማለት ነው። ቋንቋው የአማርኛ ዘመድ ስለሆነ ጆሮ ለሰጠው ሰው የሚገባው ቃል አይጠፋም። በሮቹ ሁለት ሁለት ስም አላቸው። በሰሜን ያለው አሱም በሪ ወይም ፈላና በር ነው። በምሥራቅ ያለው አርጎብ በሪ ወይም ኤረር በር፣ በደቡብ ምሥራቅ ያለው ሱቁታት በሪ ወይም ሰንጋ በር ይባላል። በደቡብ በድሮ በሪ አለ፤ ይህንኑ ቡዳ በር ይሉታል። በምዕራብ ያለው አስመዲን በሪ ወይም ሸዋ በር ነው። ቡዳ በር የሚለው ስም መልካም ስም አይደለም። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣውን፣ ሸክላ ሠርታ ድስት የምታቀርበውን ሰው ቡዳ እያሉ ማራቅ በአገራችን ብዙ ቦታ የነበረ ክፉ ልማድ ነው። ማረሻው ግን የሁላችንም ነው።

በድሮ ጊዜ እነዚህ በሮች ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ፤ ሳይነጋም አይከፈቱም። ከገጠር የሚመጣ ሰው ጦሩን በር ላይ አስቀምጦ ይገባል፤ ሲወጣ ይቀበላል። ዘግይቶ የደረሰ ነጋዴ ከነጭነቱ ውጭ ያድራል። ውጭ ደግሞ ጅብ አለ።

በሩን ማለፍ ለገበሬው ቀላል ነገር አልነበረም ማለት ነው። ከተማዋ ያለ ገበሬው ማሽላ፣ ቡና፣ እንጨትና ቅቤ አትኖርም። ገበሬውም ያለ ከተማዋ ጨው፣ ጨርቅና ብረት አያገኝም። ይሁን እንጂ ይተማመኑ ነበር ማለት አይቻልም። በሩ የሚከፈተው ለመገበያየት፣ የሚዘጋው ለመጠባበቅ ነበር። ዛሬ በሮቹ ቀንም ሌትም ክፍት ናቸው። በኤረር በር ጠዋት ማለዳ ብትቆሙ ሸክማቸውን በራሳቸው ተሸክመው የሚገቡ የገጠር ሴቶች ታያላችሁ። መንገዱ ያው የድሮው መንገድ ነው።

ስድስተኛ በርም አለ። ሐረር በር ይባላል። ከአምስቱ በኋላ የተከፈተ ሲሆን መኪና የሚገባው በእርሱ ነው። ከዚያ የሚነሣው ቀጥ ያለ መንገድ ፈረስ መጋላ ወደሚባለው አደባባይ ያደርሳል። መጋላ ማለት ገበያ ነው፤ ፈረስ ይሸጥበት ስለነበር ፈረስ መጋላ ተባለ። አሁን ፈረስ የለም፤ ታክሲና ባጃጅ ነው የሚጠብቃችሁ።

በዚህ አደባባይ ላይ ሳትቸኩሉ ቁሙ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። በአደባባዩ መካከል ደግሞ በጨለንቆ ለሞቱት መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። ሁለቱ የተራራቁ አይደሉም። ታሪካቸውም አንድ ነው።

ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ሐረርን ግብፆች ያዟት። እነርሱ ከወጡ በኋላ አሚር አብዱላሂ ገዛ። በ1879 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ የነበረው ምኒልክ ጦሩን ይዞ መጣ፤ በጨለንቆ ላይ ውጊያ ሆነ። አሚሩ ተሸነፈ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ሐረር ከዚያ ወዲህ ራሷን የቻለች መንግሥት መሆኗ ቀረ። ግብፆች አሠርተውት የነበረው መስጊድ ፈርሶ በቦታው መድኃኔ ዓለም ተሠራ። ገዥ ሆነው የተሾሙት መኰንን፣ በኋላ ራስ መኰንን የተባሉት ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የሐረርን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል፤ በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐርፈዋል።

እንግዲህ ራስ መኰንን ለአንዱ የዓድዋ ጀግና ናቸው፤ ለሌላው የጨለንቆ ድል አድራጊ ሹም ናቸው። በሁለቱም በኩል ያለው ሰው አልዋሸም። ከግንቡ ውጭ በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት ነበራቸው። ይህ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአገሩ ሁከት በተነሣ ጊዜ ተገርስሷል። በእኔ አስተያየት ሐውልት በማፍረስ የሞተ አይነሣም፤ የተሸነፈውም ድል አያደርግም። ይሁን እንጂ ሐውልቱ ለምን እንዳስቆጣ የማይጠይቅ ሰው ከአፍራሹ የተሻለ አወቀ አይባልም። ፈረስ መጋላ ላይ ቤተ ክርስቲያኑና የጨለንቆ መታሰቢያ ጎን ለጎን ቆመዋል። በአደባባዩ የሚያልፈው ሰው አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ለሟቾቹ ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያ ሁለቱም ቲማቲም ይገዛሉ።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሲሰፉ የሚሰማው ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። መንገዱ ወደ ግድር መጋላ፣ ማለትም ወደ ትልቁ ገበያ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወዲያ ያሉት መንገዶች ጠባቦች ናቸው፤ ግድግዳቸው በነጭ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። ከሁሉ ጠባቡ የእርቅ መንገድ ይሉታል። ምክንያቱን ሲናገሩ፣ የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነካኩና ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉም ይላሉ። ብትጠፉም አትደንግጡ። ቁልቁል የሄደ ሰው በመጨረሻ ግንቡን ያገኛል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። እኔ በሐረር ከሁሉ ይበልጥ መታየት ያለበት ግንቡም አይደለም፤ ቤቱ ነው እላለሁ። ቤቱ በሐረሪ ቋንቋ «ጋር» ይባላል፤ «ግድር ጋር» ማለት ትልቅ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግንብ አጥር፣ የእንጨት በር፣ በቃ። በሩ ሲከፈት ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት የዘመዳሞች ቤት ሊኖር ይችላል። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ከፊታችሁ የምታዩት መደብ ነው። በገጠር ቤታችን እንዳለው መደብ ማለት ነው። ግን አንድ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ናቸው። «ነደባ» ይባላሉ። ሁሉም የየራሱ ስምና ባለቤት አለው። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት «አሚር ነደባ» ነው፤ በሩን ፊት ለፊት ያያል። ትልልቅ ሰዎች በ«ግድር ነደባ» ላይ፣ ታናናሾች ዝቅ ባለው ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንድ እንግዳ ገብቶ ማን የት እንደ ተቀመጠ ካየ፣ ማንም ሳይነግረው የቤተሰቡን ማዕረግ ያውቃል።

ግድግዳው ላይ እንደ ሳጥን የገቡ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቅዱስ ቁርኣንና ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። ከላይ እስከ ታች ስፌት ተሰቅሏል። ስፌቱን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ልጅ ስትዳርም ይዛው ትሄዳለች። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይላሉ። ሽማግሌ መላክ ያሰበ ሰው ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው ያለበት። በጎን በኩል ደግሞ «ኪርታት» የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። አዲስ ተጋቢዎች የሚሰነብቱባት እርሷ ናት። ምግብ የሚቀርብላቸው በትንሽ መስኮት ነበር።

የመደቡና የወለሉ ቀለም ቀይ ነው፤ ቀይ አፈር ይቀባል። ለምን ቀይ ሆነ ብትሉ ብዙዎች የሚመልሱላችሁ፣ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ብለው ነው። እንግዲህ በአደባባዩ ያየነው ሐውልት በየቤቱም አለ ማለት ነው። እንግዳ ቡና እየጠጣ የተቀመጠበት መደብ ራሱ ነው።

ሐረር የመጽሐፍ ከተማም ነበረች። ከማተሚያ በፊት መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ተገልብጦ ነው። የሐረር ጸሐፊዎች በዓረብኛ ፊደል ይገለብጡ ነበር፤ በቆዳ መደጎስም የታወቀ ሙያቸው ነበር። በብራና ላይ የግዕዝ መጽሐፍ የሚጽፈው የደጋው ደብተራና የሐረሩ ጸሐፊ ሳይተዋወቁ አንድ ድካም ደክመዋል። ከተማዋ የራሷን ገንዘብም ትመታ ነበር። መጻሕፍቱንና ገንዘቡን ለማየት ወደ ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም መሄድ ነው። ሙዚየሙ ያለበት ቤት የራስ ተፈሪ ቤት ይባላል። ተፈሪ ማለት በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ናቸው፤ በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ሆነው ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው እዚያ ሲገባ በየዕቃው ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። አስጎብኚ ባይኖርም ማንበብ የቻለ ሰው ብቻውን አይደለም።

በአቅራቢያው የራምቦ ቤት የሚባል የእንጨት ፎቅ አለ። አርተር ራምቦ የፈረንሳይ ገጣሚ ነበር፤ 20 ዓመት አልፎት ብዙም ሳይቆይ ግጥም መጻፍ ተወ። ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረር እየመጣ ቡናና ቆዳ ነገደ፤ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጧል። በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ በአገሩ ሞተ። ቤቱን ግን በኋላ የሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። ፈረንጅ ግን ይህን ቤት ሊያይ ከሩቅ ይመጣል። ከእርሱም በፊት በ1847 ዓ.ም. በርተን የሚባል እንግሊዛዊ ገብቶ ነበር። መንገዱን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ተጓዘ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ማንነቱን ገልጾ በአሚር አሕመድ ፊት ቀረበ። ከተማዋ ለባዕድ ዝግ በነበረችበት በዚያ ጊዜ በሰላም 10 ቀን ቆይቶ መውጣቱ ዕድል ነው።

አሮጌው ከተማ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? ግንቡ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንዱ ምክንያት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ሊመጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ወጪ አበዛና በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ንግዱ ወደዚያ ወረደ። ነጋዴው አዘነ፤ የጀጎል ቤቶች ግን ለአዲስ ሱቅና መጋዘን ሳይፈርሱ ቀሩ።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የዓለም ቅርስ ሲባል ባዕድ ወሰደው ማለት አይደለም። ባለቤቱ በቤቱ ይኖራል፣ ያወርሳል። እንደ ልቡ አፍርሶ ሌላ መሥራት ግን አይችልም። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። የጀጎል ቤት ጣሪያው ከድሮ ጀምሮ ጠፍጣፋ፣ በእንጨት ላይ አፈር የተደመደመበት ነበር። በየክረምቱ እንክብካቤ ይፈልጋል። ድካሙ የሰለቸው ሰው ቆርቆሮ ይመታል። የግድግዳውን ልስን ደግሞ በኖራ ፈንታ በሲሚንቶ ያደርገዋል። ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል፦ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲመረግበት ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ጭቃው ይላላል፤ ልስኑ ሳይፈርስ ግድግዳው ከውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ ኖራው ለውበት ብቻ አይደለም። ባለቤቱ አቅም ከሌለው ግን ምክር ብቻውን ጣሪያ አይሆንም።

ለማየት የምትሄዱ ሰዎች ሆይ፣ ሳይፈቀድላችሁ ወደ ሰው ግቢ አትግቡ፤ ጠይቁ። በመስጊድና በአውልያ ቦታ ጫማችሁን አውልቁ፤ ሴትም ወንድም በየት በኩል እንደሚገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአው አባድርን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ። ሐረሪዎች የከተማቸው ታላቅ አባት ነው ይሉታል። «አው» አባት፣ «አይ» እናት ማለት ነው፤ አይ አቢዳን የመሳሰሉ የሴት አውልያዎችም አሉ። ከረመዳን በኋላ የምትመጡ ከሆነ የሸዋል ዒድን በዓል ታገኛላችሁ። ይህም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ሲመሽ ወደ ሰንጋ በር ወይም ወደ ፈላና በር ውጡ። ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ፣ አንዳንዴም በአፋቸው ይዘው ያጎርሷቸዋል። አህያውን ጅብ ለበላበት ሰው ይህ እብደት ሊመስል ይችላል። የሐረር ሰው ግን ጅብ ከሚርበው ይልቅ የጠገበው ይሻላል ይላል። በዓሹራ በዓል ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ያቀርቡለታል። በደንብ ከበላ ዘመኑ መልካም ይሆናል፤ ቀምሶ ከተወ ያስፈራል። በግንቡ ግርጌ እዚህም እዚያም ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎችም «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ያ ሁሉ በር ማታ ለሰው ሲዘጋ፣ ጅቡ በእነርሱ ገብቶ የከተማዋን ጉድፍ ጠርጎ ሳይነጋ ይወጣ ነበር።